ዓለም አቀፍ የኮሚክ ልክ የለም፤ ለአንተ 60 ገጽ የሚሆን ልክ ግን አለ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ የምኖር የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። ባለ 60 ገጽ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሁሉም በኤ4 ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሣለ ነው፤ ጽሑፉ አማርኛ ነው። ላሳትመው ስነሳ ጓደኞቼ ግራ አጋቡኝ። አንዱ ‹ስታንዳርዱ የአሜሪካ ልክ ነው› ይላል። ሌላው እንደ ጃፓን ማንጋ ትንሽ መጽሐፍ አድርገው፣ ከቀኝ ወደ ግራም ይነበብ ይለኛል። እኔ ደግሞ እንደ ቤልጂየሙ ኮሚክ እንደ ቲንቲን ትልቅ፣ ባለ ቀለምና ባለ ደረቅ ሽፋን ቢሆን ደስ ይለኛል። ለምንድን ነው በየአገሩ እንዲህ የሚለያየው? ትክክለኛው የቱ ነው? ደግሞስ ኮምፒውተር ላይ ማሳነስና ማሳደግ ብቻ አይደለም እንዴ?»

መልስ፦ ስታንዳርድ የሚባል ነገር የለም። ጓደኛህ የነገረህ ልክ የአንድ አገር ልክ ነው። ማሳነስና ማሳደግ ብቻም አይደለም። የኮሚክ ልክ በጣዕም የተመረጠ ይመስላል እንጂ ከጀርባው ያለው ሌላ ነው። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ወረቀት፣ መጽሐፉ የሚሸጥበት ቦታና የገዢው ኪስ ናቸው የሚወስኑት። የሌላ አገር ልክ ስትወስድ የዚያን አገር ወረቀትና ገበያ አብረህ አትወስድም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከአሜሪካ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዳቸው።) በ1933 ኮነቲከት ውስጥ ኢስተርን ከለር የሚባል ማተሚያ ቤት ነበር፤ የእሑድ ጋዜጦችን ባለ ቀለም የሥዕል ገጾች ያትማል። ሰፊውን የጋዜጣ ገጽ አንዴ ብታጥፈው የታብሎይድ፣ ማለትም የትንሽ ጋዜጣ ልክ ይመጣል። እንደገና ብታጥፈው በእጅ የሚያዝ መጽሔት ይሆናል። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት አዲስ ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። በ1934 ኪዮስክ ላይ በ10 ሴንት መሸጥ ጀመረ። ልኩ ያኔ ከዛሬው ትንሽ ሰፋ ይል ነበር፤ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቶ አሁን 17 በ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኗል።

ቅጥነቱም ምክንያት አለው። መጀመሪያ ላይ 64 ገጽ ነበር። ገዢዎቹ ግን ልጆች ናቸው፤ እጃቸው ላይ ያለችው 10 ሴንት ናት። የወረቀትና የሕትመት ዋጋ ሲጨምር አሳታሚዎቹ ዋጋዋን መንካት ፈሩ። ስለዚህ ገጹን ቀነሱት፤ እየቆየ 32 ላይ ደረሰ። ዋጋው ወደ 12 ሴንት የወጣው በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። እስከ ዛሬም የአሜሪካ ወርሃዊ ኮሚክ 32 ገጽ ነው፤ ማስታወቂያው ሲወጣለት ለታሪኩ የሚቀረው 20 ገጽ ገደማ ነው። ያ ልክ በየወሩ ለሚቀጥል አጭር ክፍል የተሰፋ ልብስ ነው። ያንተ ሥራ ደግሞ ጀምሮ የሚያልቅ 60 ገጽ ነው።

ቤልጂየምና ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ሄዱ። እዚያ ታሪኩ መጀመሪያ በሳምንታዊ የልጆች መጽሔት ይወጣ ነበር። ስፒሩ በ1938፣ የቲንቲን መጽሔት በ1946፣ ፒሎት በ1959 የጀመሩት እንዲህ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ተሰብስቦ አልበም ይሆን ነበር። አንተ የወደድከው የቲንቲን ልክ ከጦርነት የተረፈ ነው። ድሮ አልበሞቹ ጥቁርና ነጭ፣ ከ100 ገጽ በላይ ነበሩ። በ1942 ቤልጂየም በጀርመን ተይዛ፣ ወረቀት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ካስተርማን የተባለው አሳታሚ ከቲንቲን ደራሲ ከኤርዤ ጋር አዲስ ነገር ጀመረ። ገጹ ወደ 62 ይወርዳል፤ በምትኩ ሁሉም ባለ ቀለም ይሆናል። 62ቱ ላይ የርዕሱን ቅጠል ሁለት ፊት ጨምርበትና 64 ይመጣልሃል። 64 ማለት እያንዳንዳቸው 16 ገጽ የሚወጣቸው አራት እጥፋቶች (ታትመው የሚታጠፉ ትልልቅ ወረቀቶች) ናቸው። በኋላ የብዙዎቹ አልበሞች ልክ የሆነው 48 ገጽም እንዲሁ ሦስት እጥፋት ነው። ቁጥሮቹን የወሰነው ደራሲው አይደለም፤ የወረቀት አስተጣጠፍ ነው።

እጅህ ላይ ያለ የቲንቲን አልበም ካለ የገጾቹን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ተመልከት። ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ አንድ ሰው ይደነግጣል፣ በር ይንኳኳል፣ ወይም የሆነ ነገር ሊፈነዳ ይላል። አንባቢው ቀጣዩን ለማየት አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረበት፤ ያ ጥግ ሳምንቱን ሙሉ ልቡን አንጠልጥሎ ማቆየት ነበረበት። እያንዳንዱ ገጽ ሰፊ ነው፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከላይ እስከ ታች አራት እርከን አለው፤ 10 ወይም 12 የሥዕል ሳጥን ይይዛል። ብዙ ሠዓሊዎች አንዱን ገጽ ለሁለት ከፍለው፣ በሁለት የተለያየ ወረቀት ላይ ነው የሚሥሉት። ደረቅ ሽፋኑም ለጌጥ አይደለም። አልበም የሚሸጠው መጽሐፍ መደብር ውስጥ ነው፤ ለልደትና ለገና ስጦታ ይገዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሰው ለዚያ ውድ ዋጋ ይከፍላል።

ወደ ጃፓን እንምጣ፤ ጓደኛህ በደንብ ያልተረዳው እዚህ ጋ ስለሆነ ቆም ልበል። ያ ትንሽ ወፍራም መጽሐፍ የማንጋ ሁለተኛ ሕይወቱ ነው። የመጀመሪያው ሕይወቱ ትልቅ ሳምንታዊ መጽሔት ነው። ሾነን ጃምፕ የተባለው በ1968 የተጀመረው መጽሔት ልኩ የጃፓን ቢ5 ነው፤ ወደ 18 በ26 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱ ሻካራና ርካሽ ነው። አንድ እትም ውስጥ ብዙ ታሪኮች ይታጨቃሉ፤ ለእያንዳንዱ 19 ገጽ ገደማ ይደርሰዋል። ሰዉ ባቡር ውስጥ አንብቦ ይጥለዋል። በ1995 መጀመሪያ ላይ አንዱ እትም ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ታትሟል። ተወዳጅ የሆነው ታሪክ ብቻ ተለይቶ በትንሿ መጽሐፍ፣ በ11.3 በ17.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 180 ወይም 200 ገጽ ሆኖ ይወጣል። ሰው የሚያስቀምጠው እሱን ነው።

ልብ በል፤ ጃፓናዊው ሠዓሊ ከመጀመሪያው ለሁለቱም እያሰበ ነው የሚሥለው። ዋናው ሥዕል በትልቅ ወረቀት ላይ፣ 18 በ27 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክፈፍ ውስጥ ይሠራል። ሳጥኑ ጥቂት ነው፣ ንግግሩ አጭር ነው፣ ፊቶቹ ትልልቅ ናቸው። ስለዚህ ሲያንስ አይጎዳም። አንድ ገጽ በጥቂት ሰከንዶች ይነበባል። አንተ ግን ኤ4 ላይ፣ በረጅም ንግግር የሠራኸውን ወደዚያ ልክ ብታወርደው ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

ሒሳቡን ተመልከት። የኤ4 ወርድ 21 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 11.3 ስታወርደው ሁሉም ነገር በግማሽ ገደማ ያንሳል። 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደልህ 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የላቲን ፊደል ይህን በግድ ይችለዋል፤ የኛ ፊደል አይችለውም። «ሌባ» ብለህ ብትጽፍ በምን ከ«ሊባ» ይለያል? በእግሩ ላይ ባለች አንዲት ቀለበት። ያቺ ቀለበት ስታንስ ቀለም ይሞላታል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢህ እየገመተ ነው የሚያነበው። «ቤ» እና «ቢ»ም እንዲሁ ናቸው፤ «ሉ» እና «ሊ» ደግሞ የሚለዩት ትንሿ ጭረት ባለችበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ታትሞ ሲወጣ ፊደልህ ከ9 ነጥብ (ኮምፒውተር ላይ የፊደል መጠን ከሚለካበት «ፖይንት») እንዳያንስ። ይህን አልደራደርበትም።

ሌላም አለ። የማንጋ የንግግር አረፋ (ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ) ቀጭንና ረጅም ነው፤ የጃፓን ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ። አማርኛ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያህል ቃል አለው። «አልተነጋገርንበትም» የሚለውን ቀጭን አረፋ ውስጥ ክተተው እስቲ። ወይ ፊደሉን ታሳንሳለህ፣ ወይ ቃሉን መሀል ላይ ሰብረህ ወደ ታች ትጥለዋለህ። የኛ አረፋ ወደ ጎን ሰፋ ማለት አለበት፤ ሳጥኑም ለዚያ ቦታ መተው አለበት።

ከቀኝ ወደ ግራ የማስነበቡን ነገር እርሳው። ጃፓኖች የሚያደርጉት ለስታይል አይደለም፤ የጽሑፍ ዓምዳቸው ከቀኝ ስለሚጀምር ነው። አንተ ብታደርገው ሳጥኖቹ ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ በውስጣቸው ያለው አማርኛ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዓይን በየሳጥኑ መመለስ አለበት። አሜሪካኖች ማንጋን መጀመሪያ ሲተረጉሙ ገጹን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር። የገጹ አቅጣጫ ተስተካከለ፤ ሥዕሉ ግን ተበላሸ። በቀኝ እጁ ይዋጋ የነበረው ተዋጊ ግራኝ ሆነ። ኪሞኖው በተቃራኒ ተደራረበ፤ ጃፓን ውስጥ እንዲያ የሚለብሰው ሬሳ ነው። በኋላ በ2000ዎቹ አሳታሚዎቹ ሳይገለብጡ በዋናው አቅጣጫ ማውጣትን ለመዱ። መገልበጥ አንተን የሚያሳስብህ ሥራህ አንድ ቀን በዕብራይስጥ ወይም በዐረብኛ ይውጣ ከተባለ ነው። ያኔ ልብሱ፣ መስቀሉ፣ የሱቁ ማስታወቂያ ሁሉ አብሮ መታየት አለበት።

ጣልያንን ባጭሩ ላንሳ፤ ላንተ የሚጠቅም ነገር ስላለበት። ቴክስ የተባለው የከብት ጠባቂ ታሪክ በ1948 ሲጀመር መጽሔቱ ረጅምና ጠባብ ሆኖ በየገጹ አንድ እርከን ሥዕል ብቻ ነበረው። በኋላ ሦስቱን እርከን ደርበው በአንድ ገጽ አደረጉት፤ ዛሬ በአሳታሚው ስም የቦኔሊ ልክ የሚባለው 16 በ21 ሳንቲ ሜትር የመጣው ከዚያ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 100 ገጽ ገደማ ነው፣ ጋዜጣ በሚሸጥበት ኪዮስክ ይገኛል። ቀለምና ደረቅ ሽፋን ሳይኖረው ለአሥርት ዓመታት ተነቧል። ጥቁርና ነጭ የድህነት ምልክት እንዳይመስልህ።

እኛም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ መንገር አዲስ አይደለንም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አድርጎ የሚያሳየውን ሥዕል ሳታየው አትቀርም። ግን ያ በአንድ ሸራ ላይ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ገጽ አይገለጥም፤ ዓይን ከፈለገ ወደ መጨረሻው ይዘላል። አንተ የያዝከው መጽሐፍ ስለሆነ ገጽ መገለጡ መሣሪያህ ነው።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው፤ 17 በ24 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ 64 ገጽ፣ በሽቦ የተሰፋ፣ ሽፋኑ ብቻ ባለ ቀለም።

ለምን? አንደኛ፣ ኤ4 ቁመቱ የወርዱ 1.41 እጥፍ ነው። 17 በ24ም እንዲሁ 1.41 ነው። ገጾችህ ወደ 81 በመቶ ወርደው ምንም ሳይቆረጡ ልክክ ይላሉ። የአሜሪካው 1.53 ስለሆነ ወይ ከጎን ትቆርጣለህ፣ ወይ ከላይና ከታች ባዶ ነጭ ይቀርብሃል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ። በስፋት የሚሠራበት ትልቁ ሉክ 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው። አራት ጊዜ 17፣ 68 ነው። አራት ጊዜ 24፣ 96 ነው። በአንድ ፊት 16 ገጽ፣ በሁለቱም ፊት 32 ገጽ ይወጣል። ስለዚህ 64 ገጽ ሁለት ሉክ ብቻ ይፈጃል። በአሜሪካው ልክ ግን አራት ጊዜ 26፣ 104 ይመጣል፤ ከሉኩ ያልፋል። በአንድ ፊት ከ12 ገጽ በላይ አይገባልህም፤ የወረቀቱ ሩብ ገደማ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። አሜሪካኖቹ በጥቅል ወረቀት በሚሠሩ ግዙፍ ማሽኖች በብዛት ስለሚያትሙ አይሰማቸውም። ወረቀት ከውጭ በሚገባበት አገር ግን ያ ሩብ ያንተ ትርፍ ነበር።

የቀለሙን ነገርም በዚሁ ሉክ አስበው። ሁለት ሉክ፣ አራት ፊት ነው። ጥቁር ብቻ ከሆነ አራት ፕሌት (ገጾቹ የሚቀረጹበት የማተሚያ ሰሌዳ) ይበቃሃል። ባለ ቀለም ከሆነ ለእያንዳንዱ ፊት አራት፣ በድምሩ 16 ፕሌት ነው። በዚያ ላይ ወፍራም ወረቀትና ደረቅ ሽፋን ስትጨምር፣ የሽፋኑን ካርቶን የማልበስ ወጪም አለው። በትንሽ ኮፒ የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ አይወጣም። መጽሐፍ አዟሪው ክንዱ ላይ ሲደረድረው የምታስከፍለው ዋጋ ከሌላው መጽሐፍ ጋር መወዳደር አለበት።

ስለ ገደቡ ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። በሽቦ የተሰፋ መጽሐፍ ጀርባ የለውም፤ ሲደረደር ርዕሱ አይታይም። ስለዚህ ርዕሱን ከሽፋኑ አናት ላይ አድርገው፤ ተደራርቦ እንኳ ብቅ እንዲል። በሙጫ ይጠረዝ እንዳትል፤ በ80 ግራም ወረቀት 64 ገጽ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙጫው በደንብ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሁለት ገጽ ላይ የተዘረጋ ሥዕል ካለህም በሙጫ መሀሉ ይዋጣል።

64 ገጽ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሲታጠፍ የመሀለኞቹ ወረቀቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲቆረጥ ከነሱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጥ ይሄዳል። ንግግርና ፊት ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚሄድ ሥዕል ካለህ ደግሞ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ ይውጣ። ማተሚያ ቤቱ ማሽኑ ለሚይዝበት ጠርዝ ብሎ 16.5 በ23.5 ይሁን ቢልህ እሺ በል፤ ቅርጹ ያው ነው።

አራቱን ትርፍ ገጾች ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አድርጋቸው። ከፊት አንድ ብቻ ብታደርግ ግራ የነበረው ሁሉ ቀኝ ይሆናል። የድንገቴ ሥዕልህ ገጽ ሲገለጥ በግራ በኩል መገኘት አለበት፤ በቀኝ ከሆነ አንባቢው ቀድሞ አይቶታል። ጥላውን በኮምፒውተር ነጠብጣብ የሞላኸው ከሆነ ነጠብጣቡን ወደ 81 በመቶ አታሳንሰው፤ የማይፈለግ መስመር መስመር ያመጣብሃል። መጀመሪያ የመስመር ሥዕሉን አሳንስ፣ ከዚያ በመጨረሻው ልክ ላይ ጥላውን እንደ አዲስ ጣል። ስካኑ ከ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ከሚገቡ ነጥቦች) አይነስ።

ዋሽንግተን ወይም አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች እንዲያገኙት ካሰብክ፣ በአማዞን በኩል አንድ አንድ ኮፒ እየታተመ የሚሸጥበት አገልግሎት ዝግጁ ልኮች ውስጥ 16.99 በ24.4 ሳንቲ ሜትር አለ። ላንተ በጣም ቅርብ ነው፤ ከላይና ከታች ትንሽ ነጭ ብትጨምር ይበቃል። እዚያ ግን የወረቀት ሽፋኑ መጽሐፍ በሙጫ ነው የሚጠረዘው፤ ገጹም ከ79 ካልበለጠ ጀርባው ላይ ርዕስ አያስጽፉህም። ባለ ሁለት ገጽ ሥዕሎችህን ለዚያ እትም መሀላቸውን ከፈት አድርጋቸው።

ስልክ ላይ ላውጣው ካልክ ደግሞ ገጹን ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ አይሆንም። ኮሪያውያን ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው ያስለመዱት ዌብቱን ገጽ የሚባል ነገር የለውም፤ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በመሀላቸው ያለው ባዶ ቦታ ጊዜን ያሳያል። ወርዱ ብዙ ጊዜ 800 ፒክስል ነው። ሳጥኖችህን እየቆረጥክ እንደገና መደርደር፣ ንግግሩንም ለብቻው መጻፍ አለብህ። ሌላ ሥራ ነው። መጽሐፉ ይቅደም።

ፋይሉን ከመስጠትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። 16 የኤ3 ወረቀት ለሁለት እጠፍ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተት፣ ከ1 እስከ 64 ቁጥር ጻፍበት፤ ከዚያ ገጾችህን በ81 በመቶ ፕሪንት አድርገህ በየቦታቸው ለጥፍ። ኮሚክህን ላላየ ሰው ስጠውና ዝም ብለህ የሚያፈጥበትን ፊደል ብቻ ምልክት አድርግ። የተቸገረበትን አረፋ አስፋው፣ ወይም ንግግሩን አሳጥረው። ያንን ናሙና ይዘህ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሂድ፤ ዋጋ የሚነግሩህ ናሙናውን አይተው ይሁን።